ካናዴና ዘጠነኛው ዕጣ

ኢሜይሉ የገባው ረቡዕ ምሽት፣ አራታችንም ገርጂ ከምናዘወትራት ማኪያቶ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ነው። «ማመልከቻዎ ላይ አዲስ ነገር አለ፤ አካውንትዎን ከፍተው ይመልከቱ» ይላል። አካውንቱ ግን አልከፈት አለ። ኔትወርክ! ሰው ዕጣ ፈንታውን ሊያነብ ሲል ስልኩ ላይ ያቺ ክብ ነገር ስትዞር፣ ስትዞር፣ ስትዞር ማየት ምን እንደሚመስል የዚህ ከተማ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። በመጨረሻ ተከፈተ። ደብዳቤው ሲጀምር ያመሰግናል። ፈረንጅ ገና በመጀመሪያው መስመር ካመሰገነህ ጠርጥር።

ካናዴ አንብቦ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። ማኪያቶውንም አልጨረሰውም።

ካናዴ ያልነው እኛ ነን። ከኛ አንዱ ነው፤ የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ማስተርስ ያለው፣ እንግሊዝኛው እኛን የሚያሳፍር። ጥሪው የመጣለት ዕለት ነው ስሙን የለወጥንለት። ካናዳ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው፤ ጉዳዩ የነሱ ስለሆነ) ስቴም ለሚባሉት፣ ማለትም ለሳይንስ፣ ለቴክኖሎጂ፣ ለኢንጂነሪንግና ለሒሳብ ሙያዎች 4,500 ጥሪ ላከች። መቁረጫው 491 ነጥብ ነበር። ካናዴ 496 ነበረው። ከነዚህ ውስጥ 15ቱ ቶሮንቶ ያለችው እህቱ ያስገኘችለት ነው። ያኔ ገና 29 ዓመቱ ስለነበር ለዕድሜ የሚሰጠውን 110 ነጥብ ሙሉውን ወስዷል። እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ቋንቋ፣ የሥራ ልምድ ተደምሮ አንተ ስንት እንደሆንክ ይነገርሃል። ካናዳ በነጥብ ሰው መምረጥ የጀመረችው በ1967 ነው። ዛሬ የምናውቀው ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነው የሚሠራው።

ጥሪው ሲደርስህ ወረቀትህን አሟልተህ ለማስገባት 60 ቀን አለህ። ካናዴ ሁሉንም አሟላ። የፖሊስ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ አሠሪው የጻፈለት የሥራ ዝርዝር ያለበት ደብዳቤ (አሠሪው «ጥሩ ልጅ ነው» ብቻ ብሎ ጽፎለት ሁለት ጊዜ መልሶታል)፣ የባንክ ደብዳቤ። የባንክ ደብዳቤው የሚያሳየው ካናዳ ስትገባ ሥራ እስክታገኝ የምትቆይበት ገንዘብ እንዳለህ ነው። ያኔ ለአንድ ሰው 14,690 የካናዳ ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ እንዴት እንደሚሰላ ስንሰማ ስቀን ነበር፤ እነሱ ዝቅተኛ ገቢ ብለው ካሰመሩት የዓመት መስመር ግማሹ ነው። ማለትም ካናዳ ለመግባት ቢያንስ የግማሽ የካናዳ ድሃ ያህል ሀብታም መሆን አለብህ።

ካናዴ 700,000 ብር ነበረው። ስድስት ዓመት ያጠራቀመው። በሰኔ 2024 የባንክ ምንዛሬ ያ 14,690 ዶላር 600,000 ብርን ትንሽ ያልፋል። ተረፈው ማለት ነው። በሰኔ መጀመሪያ አስገባ፤ እኛም ጠጅ ጠጣንለት።

ሐምሌ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው።

ያን ሰሞን ሁላችንም ዘይትና ስኳር ነበር የምናወራው። 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ ከመካከላችን የካናዴን ፕሮሰስ ያስታወሰ አልነበረም። ራሱም አላስታወሰም። ገንዘቡ እዚያው ባንክ ነው፤ አልተነካም፤ 700,000 ነበር፣ አሁንም 700,000 ነው። ግን የካናዳ ሕግ ገንዘቡ ማመልከቻው ሲገባም፣ ቪዛው ሲሰጥም ሊኖርህ ይገባል ይላል። በታኅሣሥ 2024 አዲስ የባንክ ማስረጃ ላክ የሚል ደብዳቤ መጣ። ቁጭ ብለን አሰላነው። ያው 14,690 ዶላር ከ1.2 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኗል።

እዚህ ላይ ነው እኛ የገባንበት።

አራታችንም የሰፈር እቁብ አለን። 30 አባል፣ በወር 20,000 ብር። የሚደርሰው 600,000 ነው። ያ ወር ዘጠነኛው ዙር ነበር፤ ዕጣውም ከኛ ለአንዱ ወጣ። ለማን እንደሆነ አንናገርም፣ ከአራታችን አንዱ ነው ይበቃል። ልጁ በዚያ ገንዘብ ሊሠራበት ያሰበው ነገር ነበረው፤ ሠርግ። ሆኖም ምሽቱን ተደዋወልን፣ ማግስቱን ተገናኘን፣ ዕጣውን ለካናዴ ለቀቀለት። ሁለታችን ዋስ ሆነን ፈረምን። ዳኛችን ጋሼ (ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው) መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ካናዴን አዩትና «ይኼን ይዘህ ጠፍተህ ደግሞ» አሉት። ሁሉም ሳቀ። መጥፋቱ አልነበረም እንዴ ዋናው ነገር?

600,000ው ባንክ ገባ። ሒሳቡ 1.3 ሚሊዮን ሆነ። ባንኩ ደብዳቤ ጻፈ። «ብሩ ከየት እንደመጣ ላስረዳ?» ሲለን፣ አትነካካ ያልነው እኛ ነን። እቁብን ለፈረንጅ በእንግሊዝኛ ማስረዳት መዓት መጥራት ነው አልነው። ባንኩ አለ ካለ አለ ነው፣ ማን ይጠይቅሃል አልነው። አንዳችን እንኳ ተቃራኒውን አልተናገርንም። ይህን የምንጽፈው በኋላ ብልህ ለመምሰል አይደለም።

የካቲት 2025 ነው ያ ደብዳቤ በረንዳው ላይ የተከፈተው።

ደብዳቤው ራሱ ብዙም አይናገርም፤ አንቀጽ ይጠቅሳል፣ አላረካኝም ይላል። ምክንያቱን የምታገኘው መኮንኑ ኮምፒውተሩ ላይ ካሰፈረው ማስታወሻ ነው። ካናዳ ውስጥ ያለ ሰው በአንተ ፈቃድ 5 ዶላር ከፍሎ ያስወጣልሃል። እህቱ አስወጣችለት። ማንም ሰው ከተከለከለ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ይኼን ነው፤ ከማልቀስ ቀጥሎ። እኛ ማስታወሻውን ከማየታችን በፊት አሥር ዓይነት ምክንያት ፈጥረን ነበር። ፖለቲካ ነው ያለ አለ፣ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ነው ያለ አለ፣ ኮታ ሞልቷል ያለ አለ። ማስታወሻው ግን አራት መስመር ነው። ሐሳቡ፦ በቅርቡ አንድ ትልቅ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ገብቷል፣ ምንጩ አልተገለጸም፣ የስድስት ወሩ አማካይ ከሚፈለገው በታች ነው፣ ገንዘቡ ከዕዳና ከሌላ ግዴታ ነጻ ስለመሆኑ አላመንኩም።

ከዕዳና ከሌላ ግዴታ ነጻ። ሕጉ ላይ ያለች ሐረግ ናት። እኛ እሷን ይዘን ሁለት ሳምንት ተከራከርን።

ካናዴ «የገዛ እቁቤ ነው፣ ብድር አይደለም!» ይላል። እውነቱን ነው? ዘጠኝ ዙር ከፍሏል፤ 180,000 ብር። የቀረው 420,000 ገና ለሃያ አንድ ወር የሚከፍለው ነው። በዚያች ቀን ባንክ ውስጥ ከገባው 600,000 ውስጥ የሱ የሆነው ከሦስት እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። የቀረው የጋሼ ነው፣ የጫማ ነጋዴው ነው፣ የኛ ነው። እኛ እቁብ ስንል ቁጠባ ነው እንላለን። መጨረሻ ለሚደርሰው ሰው አዎ፣ ቁጠባ ነው። መጀመሪያ ለሚደርሰው ግን ብድር ነው፤ ያለ ወለድ፣ በዋስ፣ በፍቅር። አያቶቻችን ይኼን ያውቁ ነበር፤ ባያውቁ ዋስ ምን ያደርጋል? ኦታዋ ይሁን ሌላ ቦታ፣ የት እንደተቀመጠ እንኳ የማናውቀው ያ መኮንን እቁብ ሰምቶ የማያውቅ ሆኖ፣ እቁባችንን ከኛ በተሻለ ገባው። ይኼ ነው ያናደደን።

ከዚያ ምን ይደረግ ተባለ። ምክር ሰጪ በዛ።

«ይግባኝ በል» ያሉት ብዙ ናቸው። ይግባኝ የለም። ለቤተሰብ ጉዳይ የሚሆን የይግባኝ ቦርድ አላቸው፤ በሙያ ላመለከተ ሰው ግን በሩ ዝግ ነው። ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ውሳኔው ከካናዳ ውጭ የተሰጠ ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ ማመልከት አለብህ፤ እሱም መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ጉዳይህን ለማየት ከፈቀደ ነው። የመዝገብ መክፈቻው 50 ዶላር ብቻ ነው፣ ጠበቃው ግን ሺዎችን ይፈልጋል። እህቱ አንድ ጠበቃ አማከረች። ሰውየው ታማኝ ነበር መሰለን፤ ገንዘቧን ሊወስድ ሲችል አልወሰደም። የነገራት ይኼ ነው፦ ፍርድ ቤቱ ቪዛ አይሰጥም። የሚጠይቀው መኮንኑ በፊቱ ከነበረው ወረቀት ተነስቶ እዚህ ውሳኔ ላይ መድረሱ ምክንያታዊ ነው ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ካልሆነ ፋይሉን ለሌላ መኮንን ይመልሰዋል። አዲስ ማስረጃ ይዘህ «ረስቼው ነው» ማለት አይሠራም። ወንድምሽ ማብራሪያ አልጻፈም፤ የማስረዳቱ ሸክም ደግሞ የሱ ነው። ባያጣራ ኖሮ፣ ማስረጃ ኖሮ ሳያየው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ እከስልሽ ነበር።

ያ ማብራሪያ እንዳይጻፍ ያደረግነው እኛ ነን። ካናዴ ይኼን ሲያነብልን ቀና ብሎ አላየንም። ቢያየን ይሻል ነበር።

መኮንኑ እንደገና እንዲያይልህ በደብዳቤ መለመን ይቻላል። የማየት ግዴታ የለበትም፤ እየለመንክ እያለም የፍርድ ቤቱ 60 ቀን መቁጠሩን አያቆምም። ያየውን ወረቀት በስህተት ሳያየው ከቀረ ይጠቅማል። ለኛ አልጠቀመም፤ ስህተቱ የኛ ነዋ።

ከዚያ የመጣው ምክር ነው ክፉው። ከኛው አንዱ (ይኼኛውንም አንናገርም) «የስጦታ ደብዳቤ እንጻፍ» አለ። ዘመድ ወይም ወዳጅ ገንዘብ በስጦታ ሰጠሁት ብሎ ቢፈርም፣ በእውነት ሰጥቶት ከሆነ ይቀበላሉ። «ስድስት መቶውን ለወንድማችን ሰጠነው፣ መልስ አንልም ብለን እንፈርም። ማን ያውቃል?» ለግማሽ ሰዓት ያህል እውነት አምሮን ነበር። ወረቀትም ወጥቶ ነበር። ከዚያ ካናዴ ራሱ ነው ያቆመው። ውሸት ከተገኘ አምስት ዓመት ማመልከት አትችልም፤ ከ2014 በፊት ሁለት ዓመት ነበር፣ አምስት አደረጉት። ተከለከልኩ ማለትና ዋሸ ተብሎ መመዝገብ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል አለ። የተከለከለ ሰው ነገ ማመልከት ይችላል። በከተማችን ገንዘብ ለሁለት ሳምንት ሒሳብህ ውስጥ አስቀምጠው ኮሚሽን የሚቀበሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ይኼን ልዩነት አይነግሩህም። እነሱን ምን አገባቸው?

ያን ምሽት እህቱ ደወለች። ስፒከር ላይ ነበር፣ ሁላችንም ሰማን። የጎደለው ስንት ነበር አለች። አሰላላት፤ ከገዛ ገንዘቡ 880,000፣ የሚፈለገው 1.26 ሚሊዮን ገደማ፣ ጉድለቱ ወደ 4,400 ዶላር። ዝም አለች። ከዚያ ጮኸች። «አራት ሺህ ዶላር ብለህ እኔን አትጠይቀኝም? እኔ እህትህ አይደለሁም? ሌሊት ሌሊት የምሠራው ለማነው?» ለእናታቸው የቤት ኪራይና መድኃኒት የምትልከው እሷ ናት፤ የአይኤልትስ ፈተናውን የከፈለችለትም እሷ ናት፤ ስለዚህ አፈረ። ወንድ ልጅ ታላቅ እህቱን ስንት ጊዜ ይጠይቃል ብሎ እኛን ጠየቀ። የሷ ስጦታ እውነተኛ ስጦታ ይሆን ነበር። ሕጉም አይከለክለውም ነበር።

እንደገና ማመልከትስ? ይቻላል፣ እገዳ የለበትም። ከከፈለው ውስጥ የቋሚ ነዋሪነት መብት ክፍያ የሚባለው 575 ዶላር ተመልሶለታል፤ የማመልከቻው 950 ግን ሄዷል። ግን እንደገና ማመልከት ማለት ካቆምክበት መቀጠል አይደለም፤ እንደገና መሰለፍ ነው። ካናዴ 30 ዓመት ሞላው። በልደቱ ቀን ዕድሜው 105 ነጥብ ሆነ፣ ጠቅላላው 491። ያቺ የመጀመሪያዋ መቁረጫ፣ ልክ በልክ! ኬክ እየቆረስን ይኼን ሲነግረን መሳቅ ይሁን ማዘን አላወቅንም። ምክንያቱም ያ ጥሪ ያ ዓመት ካለቀ ድረስ አልተደገመም፤ በየካቲት 2025 ደግሞ የስቴም ዝርዝሩ ሲከለስ ብዙ የኮምፒውተር ሙያዎች ወጡ። የሱም ወጣ።

አሁን ነጥብ የሚረክሰው ለፈረንሳይኛ ነው። በመጋቢት 21 ቀን 2025 ፈረንሳይኛ ለሚችሉ 7,500 ጥሪ ሲላክ መቁረጫው 379 ነበር። ካናዴ ከዚያ በላይ መቶ ነጥብ አለው፤ የሌለው ፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ ተመዘገበ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ወጥቶ ይማራል፤ ማኪያቶ ቤቷ በረንዳ ላይ ሆኖ አፍንጫውን እየነፋ የሚመስል ድምፅ ያወጣል። አስተናጋጇ ጉንፋን ይዞታል ብላ ዝንጅብል አመጣችለት። ፈተናው ከባድ ነው፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መስማት፣ መናገር፣ በአራቱም ሰባተኛ ደረጃ ይፈልጋሉ። ዓመትም ከዚያ በላይም ይወስዳል። ሌላውን መንገድ ሁሉ አይተነዋል። የጀርመኗ የዕድል ካርድ ከሰኔ 2024 ጀምሮ አለች፤ እሷም በ2025 በወር 1,091 ዩሮ ሒሣብ ለዓመት አስይዝ ትላለች። ያው የብሩ ጉዳይ ነው ዞሮ ዞሮ።

አንድ ነገር አጽናንቶት ነበር። በ2012 ካናዳ ከየካቲት 27 ቀን 2008 በፊት የገቡ የባለሙያ ማመልከቻዎችን በአንድ ሕግ ሰረዘቻቸው። 280,000 ያህል ሰው። አልተከለከሉም እኮ፣ አልተነበቡም። ብራቸውን መልሰው ሂዱ አሏቸው። ብዙዎቹ ዓመታት የጠበቁ ናቸው፤ ከሰሱ፣ በ2013 ፍርድ ቤት ተረቱ። ካናዴ ይኼን አንብቦ «እኔንስ ቢያንስ አንብበውኛል» አለ። መጽናናት ከተባለ።

የቀረው የዕጣው ነገር ነበር። ስድስት መቶ ሺው ባንክ ተቀምጧል፤ ሠርጉ ለሰኔ ተላልፏል፤ የአዳራሹ ዋጋ በየወሩ ይጨምራል። ዕጣውን የለቀቀው ልጅ አልጠየቀም። እኛም አላነሳንም። ጓደኝነት አንዳንዴ እንደዚያ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ማንም አይናገርም፣ እና በየቀኑ ማኪያቶ ይጠጣል።

በመጋቢት የእቁብ እሑድ ካናዴ ቀደም ብሎ መጣ። የባንክ ቼክ ይዟል፤ 600,000። ሰው በሞላበት ለልጁ ሰጠው። ልጁ «ምንድነው ይኼ?» እያለ ሲያንገራግር ካናዴ ወደ ዳኛው ዞረ።

«ጋሼ፣ የዘጠነኛውን ዕጣ እንደመለስኩ ይጻፉልኝ። የሱ ነበር፣ ለሱ ይሁን። እኔን ደግሞ ከዕጣው አውጡኝ።»

«ልትወጣ ነው? እቁብ ተጀምሮ አይወጣም፣ አንተ ልጅ።»

«አልወጣም፣ እከፍላለሁ። የመጨረሻውን ይስጡኝ ነው የምለው። ሠላሳኛውን።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ጫማ ነጋዴው ሳቀ። በዚያ ቤት ቅድሚያ ይሰጠኝ ብሎ የለመነ፣ ልጄ ታመመ፣ ቤቴ ፈረሰ ያለ ሞልቷል። መጨረሻ አድርጉኝ ያለ ሰው ግን ጋሼ በዳኝነት ዘመናቸው አይተው አያውቁም።

«ምን ነክቶሃል? ብሩ እስከዚያ ምን ሊያወጣ?»

«ምንም ላያወጣ ይችላል ጋሼ። ግን ሁሉም የኔ ይሆናል።»

ጋሼ ለተወሰነ ጊዜ አዩት። ከዚያ ለጸሐፊው ጻፍለት አሉ፣ ሠላሳኛ። እኛ ሁለታችን እንደልማዳችን ለዋስነት ልንፈርም ብድግ ስንል ጋሼ በእጃቸው መለሱን።

«ቁጭ በሉ፤ ለመጨረሻው ሰው ዋስ አያስፈልግም።»